ፊልሙን የሚያቆመው ማነው?

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ክፍላችን ውስጥ ትልቅ ስክሪን ጠበቀን። በብረት ሳጥን ተቆልፎበታል። ስሙ ፕላዝማ። የሒሳብ ሰዓት ሲደርስ ይበራል፤ በእንግሊዝኛ የምታስተምር ሴት ብቅ ትላለች። ታስረዳለች፣ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች። ከዚያ "በጣም ጥሩ!" ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። እኛ ግን ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነን። መምህራችን በሩ አጠገብ ቆሞ ያየናል። አንድ ልጅ እጁን ሲያወጣ በዓይኑ "ቆይ" ይለዋል። ጨክኖ አይደለም። ትምህርቱ በሳተላይት ለአገሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚለቀቅ ስለሆነ ማቆም አይችልም።

ይህ "ማቆም አይችልም" የሚለው ነገር ለዓመታት ከውስጤ አልወጣም። በቅርቡ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክፍል ስለገባበት ዘመን ሳነብ እንደገና ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ለካ ችግሩ የኛ ብቻ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዛሬ ታብሌቱ፣ የቪዲዮ ትምህርቱ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ መምህሩን ሊተካ ነው ሲባል በየቀኑ እንሰማለን። ስለዚህ ያንን ዘመን መለስ ብሎ ማየት ይጠቅመናል። (የውጭውን ታሪክ ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።)

በ1913 ቶማስ ኤዲሰን ለአንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ቃለ ምልልስ ሰጠ። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ በቅርቡ ጊዜው ያልፍበታል አለ። ተማሪ የሚማረው በዓይኑ ይሆናል፤ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሊሰጥ የማይችል የእውቀት ዘርፍ የለም፤ በ10 ዓመት ውስጥ የትምህርት ሥርዓታችን ፈጽሞ ይለወጣል አለ። በ1922፣ ቀጠሮው ሊሞላ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ያንኑ ተስፋ ደገመው። ፊልም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመማሪያ መጽሐፍን ሙሉ በሙሉ ባይሆን እንኳ በአብዛኛው ይተካል አለ።

ኤዲሰን ፕሮጀክተር ሻጭ ነበር፣ ፊልምም ሻጭ ነበር። ከቃለ ምልልሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለቤትና ለትምህርት ቤት የሚሆን ትንሽ ፕሮጀክተር ገበያ ላይ አውጥቷል። ስለዚህ ንግግሩ ውስጥ የገበያ ነገር አለ። ግን ሁሉንም ለገንዘብ ብሎ የተናገረው አይመስለኝም። ኤዲሰን ትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ ያስተማረችው እናቱ ናት። ዝም ብሎ መሸምደድ ያንገሸግሸው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በክፍል ግድግዳ ላይ ዝንብ ስትፈለፈል፣ ስታድግ፣ ስትበር ማሳየት እንደሚችል ሲያውቅ ልቡ ቢሞቅ አይገርምም።

በዚያው በ1913 የኤዲሰንን ፊልሞች ያዩ ምሁራን አስተያየታቸውን በአንድ መጽሔት ላይ አሰፈሩ። አንዱ ፈላስፋው ጆን ዱዊ ነበር። ዱዊ ፊልሙን አልጠላውም። ስጋቱ ሌላ ነው። ነገሮች ሲንቀሳቀሱ ማየት ከቃል ትምህርት ይሻላል፤ ግን ልጁ በገዛ እጁ ሲሠራ የሚያገኘውን አይተካም። የተሻለው ነገር ከሁሉ ለሚበልጠው ነገር እንቅፋት እንዳይሆን ነበር የፈራው። ዛሬ ልጆች የሳይንስ ሙከራ በስልክ አይተው "ሠራነው" ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ይህ የዱዊ ሐሳብ ትዝ ይለኛል።

እዚህ ላይ ግን ለፊልም ልከራከርለት እወዳለሁ። ፊልም ያመጣው ነገር እውነተኛ ተአምር ነበር። በ1903 ማርቲን ደንካን የተባለ እንግሊዛዊ ካሜራውን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገናኝቶ አይብ ላይ የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ፍጥረታት ቀረጸ። የለንደን ተመልካች ለእራት በበላው ነገር ውስጥ ያን ያህል ሕይወት እንዳለ በዓይኑ አየ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ኮማንዶን ደግሞ የቂጥኝ ተህዋስያን በሕይወት እያሉ ሲንቀሳቀሱ ቀርጾ ለሳይንቲስቶች አሳየ። ይህን የትኛውም መጽሐፍ፣ የትኛውም ጠመኔ ሊያሳይ አይችልም።

ከሁሉም የምወደው የፐርሲ ስሚዝን ታሪክ ነው። ስሚዝ በእንግሊዝ የትምህርት ቦርድ ውስጥ ተራ ጸሐፊ ነበር። በትርፍ ሰዓቱ ነፍሳትን ፎቶ ያነሳል። ፎቶዎቹ ለማስተማሪያ እንዲውሉ አለቆቹን ጠየቀ፤ የሰማው አልነበረም። በኋላ ግን ቻርልስ ኧርባን የተባለ የፊልም ነጋዴ ስሚዝ ያነሳውን የዝንብ ምላስ ፎቶ አይቶ ሥራ ሰጠው። በ1910 ስሚዝ አበቦች ሲፈነዱ የሚያሳይ ፊልም ሠራ። ቀናት የሚፈጀው የእምቡጥ መከፈት በጥቂት ሰከንድ ይታያል። ይህን ለማድረግ ካሜራው ሌት ተቀን በየጊዜው አንድ አንድ ምስል ማንሳት አለበት። ስሚዝ ቤቱን ስቱዲዮ አደረገው። ካሜራው ውስጥ ያለው ፊልም ሌሊት ሲያልቅ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሱት ደወሎች ሳይቀር ገጥሞ ነበር። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ያላወቀውን ሀብት ሲኒማ ቤቱ ወሰደው።

ገበያው ቶሎ ደራ። በ1910 ጆርጅ ክላይን የተባለ አሜሪካዊ አከፋፋይ ከ1,000 በላይ ርዕሶችን የያዘ የትምህርት ፊልሞች ካታሎግ አሳተመ። መጽሐፉ ከ300 ገጽ በላይ ነበር። ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙዎቹ ግን ለትምህርት ቤት ተብለው የተሠሩ አልነበሩም። በሲኒማ ቤት የታዩ የጉዞ፣ የፋብሪካና የታሪክ ፊልሞች "ትምህርታዊ" የሚል ስም ተሰጥቷቸው ነው የቀረቡት። በዚያው ዓመት የሮቸስተር ከተማ ትምህርት ቤቶች ፊልምን በመደበኛ ትምህርት ውስጥ መጠቀም ጀመሩ። በዩናይትድ ስቴትስ የመጀመሪያዎቹ ተብለው ይጠቀሳሉ።

በአዲስ አበባ በዚያ ዘመን ሕዝቡ ሲኒማ ቤቱን "ሰይጣን ቤት" ብሎ ነበር የሚጠራው። በእኛም በነሱም ዘንድ ይህ ማሽን ተራ ዕቃ ሆኖ አልታየም። አንዱ መጽሐፍን ያጠፋል ብሎ ጠበቀው፣ ሌላው ነፍስን ያጠፋል ብሎ ፈራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዘመኑ ፊልም ይቃጠል ነበር። የሚሠራው ከሴሉሎስ ናይትሬት ነው፤ ይህም ለጥይት ባሩድ ከሚያገለግለው ነገር ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። አንዴ ከተያያዘ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ራሱ ስለሚያመነጭ ውሃ ውስጥ እንኳ መንደዱን አያቆምም። ስለዚህ በብዙ ቦታ ሕጉ ፕሮጀክተሩ እሳት በማይበግረው ልዩ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ ያዝዝ ነበር። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። መምህሩ በማሽኑ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉልኝ። ያ ፊልም በኃይለኛው መብራት ፊት መቆም አይችልም። ካልሮጠ ይቃጠላል። አንዲት መምህርት "እስቲ እዚህ ላይ አቁምልኝ፣ ይህን ቅጠል ልጆቹ ይዩት" ብትል ምስሉ ስክሪኑ ላይ እንዳለ በእሳት ሊበላ ይችላል። እንግዲህ ማሽኑ ከተነሳ መጨረሻው ድረስ ይሄዳል። ልጁ ገባውም አልገባው፣ ጥያቄ ኖረውም አልኖረው፣ ፊልሙ አይጠብቀውም። ይህን ሳነብ ነው በሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው መምህራችን ትዝ ያለኝ።

መፍትሔው ቀስ በቀስ መጣ። በ1912 የፈረንሳዩ ፓቴ ኩባንያ በቀላሉ የማይቀጣጠል 28 ሚሊሜትር ፊልምና ለእሱ የሚሆን ፕሮጀክተር አወጣ። ፕሮጀክተሩ በእጅ ማኒቬላ ይዞራል፤ ማኒቬላው ዲናሞ ያዞራል፤ ዲናሞው አምፖሉን ያበራል። መብራት በሌለበት አገር ሁሉ ይሠራል ማለት ነው። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! በ1923 ደግሞ የአሜሪካው ፊልም አምራች ኮዳክ በቀላሉ በማይቀጣጠል አሲቴት የተሠራውን 16 ሚሊሜትር ፊልም አመጣ። ማሽኑ ትንሽ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ልዩ ክፍል አይፈልግም። አንዳንዶቹ ፕሮጀክተሮች የሙቀት መከላከያ ስለነበራቸው አንዱን ምስል አቁሞ ማሳየትም ተቻለ። የትምህርት ፊልም በእውነት የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው ብዬ አስባለሁ። ያኔ ነዋ መምህሩ እጅ የገባው።

እጅ ሲገባም ነገሩ ሁሉ አልተቃናም። ፊልሙ ውድ ስለሆነ ትምህርት ቤቶች አይገዙትም፤ ይዋሳሉ። ከ1910ዎቹ ጀምሮ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፊልም ማዋሻ ክፍል ከፍተው ጥቅሉን ለየትምህርት ቤቱ ይልኩ ነበር። ትልልቅ ከተሞችም የራሳቸውን ማከማቻ አቋቋሙ። ፊልም በተራ ሲመጣ ግን የመምህሩን የትምህርት ዕቅድ አይከተልም። ስለ ወንዞች ተምረው ወደ ተራራ ያለፉ ልጆች የወንዙን ፊልም በሁለተኛው ሳምንት ያያሉ። አንድ ማሽን ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ወደ አዳራሽ ይታጎራሉ። መስኮቱ መጋረጃ የለውም። አምፖሉ ተቃጥሏል። ፊልሙ ተበጥሷል። ገጠሩማ ከዚህም የባሰ ነበር፤ በ1930 እንኳ በዩናይትድ ስቴትስ ከ10 የእርሻ ቤተሰቦች መብራት የነበረው አንዱ ብቻ ነው። መምህራንን "ለውጥ ይፈራሉ" ብሎ መክሰስ በዚያ ዘመንም ነበር። እኔ ይህን ክስ አልቀበለውም። 40 ልጅ ይዞ ጨለማ ክፍል ውስጥ የተበጠሰ ፊልም የሚቀጥል ሰው ለውጥ ፈሪ አይደለም።

ታዲያ ፊልም ያስተምር ነበር? ይህን በጥናት ለመመለስ የሞከሩ ነበሩ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ፍሪማን ከባልደረቦቹ ጋር በመሆን ፊልምን ከሌሎች የማስተማሪያ መንገዶች ጋር አነጻጽሮ ውጤቱን በ1924 አሳተመ። ያገኘው ነገር ለኔ እስካሁን የሚሠራ ነው። እንቅስቃሴው ራሱ ትምህርት በሆነበት ቦታ ፊልም ይበልጣል። ነገሩ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ተራ ሥዕል ወይም ስላይድ ይበቃዋል። የእጅ ሥራ ለማስተማር ደግሞ መምህሩ በአካል ሠርቶ ቢያሳይ ከፊልም ይሻላል። ካርታ ለማሳየት ፊልም መከራየት ብክነት ነው። የልብ ቫልቭ ሲከፈትና ሲዘጋ ለማሳየት ግን ፊልም የግድ ነው።

ቀጥሎ ኮዳክ ራሱ ገባበት። ጥናቱን የመሩት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ቤን ዉድና ያው ፍሪማን ናቸው። ወደ 20 የሚጠጉ የጂኦግራፊና የሳይንስ ፊልሞች ተዘጋጁ፤ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ያህል ነው። በ12 ከተሞች 11,000 ገደማ ተማሪዎች ተሳተፉ፤ ግማሾቹ በፊልም፣ ግማሾቹ ያለ ፊልም ተማሩ። በ1929 የታተመው ውጤት በፊልም የተማሩት ልጆች የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳየ። ኮዳክ ግን ውጤቱ እስኪታተም አልጠበቀም። የማስተማሪያ ፊልም የሚሠራና የሚሸጥ ኩባንያ ያቋቋመው ከአንድ ዓመት በፊት በ1928 ነበር። ገንዘቡን የከፈለው ሻጩ ነውና አንባቢ ይህን ማስታወስ አለበት። ጥናቱን ግን አልጥለውም። በዚያ ሙከራ ውስጥ ፊልሙ ብቻውን አላስተማረም። መምህራኑ መመሪያ ነበራቸው፤ ፊልሙ ከትምህርቱ ጋር ተገጣጥሞ፣ በሰዓቱ፣ በገዛ ክፍላቸው ነው የታየው። አጭርም ነው። የተፈተነው በመምህር እጅ ያለ ፊልም ነው፤ ውጤቱም የእሱ ነው። ኤዲሰን ቃል የገባው ግን ይህን አልነበረም።

ከዚያ ድምፅ መጣ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሲኒማው መናገር ሲጀምር ትምህርት ቤቶች ገና የገዙት ድምፅ አልባ ማሽን አሮጌ ሆነባቸው። በዚያው ሰሞን የኢኮኖሚው ቀውስ ጀመረና በጀት ተቆረጠ። ከገንዘቡ በላይ ግን ሌላ ነገር ተነሳ። ድምፅ አልባው ፊልም ሲታይ የሚናገረው መምህሩ ነበር። "ይህን አያችሁ? ይህ የኛው ወንዝ ዓይነት ነው" ይላል። በልጆቹ ቋንቋ፣ በልጆቹ ልክ። የድምፁ ፊልም ይህን ወሰደበት። አሁን የማያውቃቸው ሰው፣ የማያውቁት ክፍል ውስጥ ሆኖ ይናገራል፣ መምህሩ ዝም ይላል። ብዙ መምህራን ድምፅ አልባውን ሙጥኝ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። በወቅቱ ኋላ ቀር ተብለው ይሆናል፤ እኔ ግን ትክክል ነበሩ እላለሁ።

ጀርመንን ሳይ ግን ይህ አስተያየቴ ብቻውን አይበቃኝም። በ1934 የናዚ መንግሥት የማስተማሪያ ፊልሞችን የሚያዘጋጅ ተቋም አቋቋመ። ተማሪዎች መዋጮ ይከፍላሉ፤ በገንዘቡ ፕሮጀክተርና ፊልም ለየትምህርት ቤቱ ይሠራጫል። ፊልሞቹ 16 ሚሊሜትር፣ ድምፅ አልባ፣ አጫጭር ናቸው፤ ማብራሪያው ለመምህሩ የተተወ ነው። ከማስተማር ዘዴ አንጻር ከተመኘሁት ጋር አንድ ነው። ነገር ግን ምን እንደሚቀረጽና ምን እንደሚቀር የሚወስነው ያ መንግሥት ነው። ስለዚህ ማቆም ብቻውን አይበቃም። ፊልሙን የመረጠው ማነው የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት።

በዩናይትድ ስቴትስ ደግሞ መራጩ ኩባንያ ነበር። የፎርድ መኪና ፋብሪካ በ1914 የራሱን የፊልም ክፍል አቋቁሞ ስለ ኢንዱስትሪ፣ ስለ ጂኦግራፊ፣ ስለ ግብርና ብዙ ፊልም ሠራ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል። በጀት ለሌለው ርዕሰ መምህር በርካሽ ወይም በነፃ የሚመጣ ፊልም እንዴት ይጠላል? ልጁ ግን ሥራ ምን እንደሆነ፣ ፋብሪካ ምን እንደሚመስል የሚያየው በፋብሪካው ባለቤት ዓይን ነው። ዛሬ በነፃ የሚሰጡን የትምህርት መተግበሪያዎችም ከዚህ ጥያቄ ነፃ አይደሉም።

ወደ ፕላዝማው ልመለስ። በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው መልካም ነበር። ብቁ መምህር በማይገኝበት ወረዳ ያለ ልጅ እንደ አዲስ አበባው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ያግኝ ተባለ። ላቦራቶሪ አይተን የማናውቅ ልጆች አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ ያየነው እዚያ ላይ ነው። ይህን አልክድም፤ ለኔ ኬሚስትሪ የገባኝ በዚያ ስክሪን ነው። ነገር ግን ትምህርቱ የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ፣ በፍጥነት በሚነገር እንግሊዝኛ ነው። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ስክሪኑ ይወስዳል። ለመምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትደርሰዋለች። መብራት ከሄደ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ሄደ፤ መብራቱ ሲመለስ ስርጭቱ ቀጥሏል። ሳተላይቱ ከመቶ ዓመት በፊት ከነበረው ናይትሬት ፊልም ጋር አንድ ጠባይ ነበረው። ከተነሳ አይቆምም።

ብዙ ሰው ስለ ፕላዝማ ሲያወራ "ቴክኖሎጂው አልተስማማንም" ይላል። ጉዳዩ ያ አይመስለኝም። ያው ትምህርት በሲዲ ተቀድቶ፣ ሪሞቱ ለመምህሩ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ሌላ ታሪክ እናወራ ነበር። መምህራችን ጎበዝ ሰው ነበር። የትኛው ልጅ የት ላይ እንደጠፋበት ከፊቱ ያነብ ነበር። ያንን ማንበቡን የሚጠቀምበት ቁልፍ ግን እጁ ላይ አልነበረም።

አሁን ቁልፉ አለ። ማንኛውም ቪዲዮ ስልክ ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ይዘገያል። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ታብሌት ሲገዛ ወይም አዲስ ሶፍትዌር ሲገባ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ስክሪኑ ጥራት አይደለም። መምህሩ ትምህርቱን መዝለል፣ ማቆም፣ በሌላ መተካት ይችላል? ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ይዘቱን ማን ሠራው፣ ማንስ ከፈለበት? መምህሩ ለመዘጋጃ ጊዜ ተሰጥቶታል?

አንዲት የማውቃት የባዮሎጂ መምህርት አለች። ክፍሏ ስክሪን የለውም። የራሷን ላፕቶፕ ይዛ ትመጣለች፤ ልጆቹ በአራት በአምስት እየሆኑ ይከቡታል። ባለፈው ስለ አበባ ስታስተምር እምቡጥ ሲፈነዳ የሚያሳይ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ከፈተች። ገና በሃያኛው ሰከንድ አንዲት ልጅ "ቲቸር፣ ይሄ በስንት ቀን ነው?" አለች። አቆመችው። ማንም መልሱን ወዲያው አልነገራትም። ጥላውን ቆጠሩ፣ ቀንና ሌሊቱን ለመለየት ሞከሩ፣ ተከራከሩ። አንዱ ልጅ ግቢው ውስጥ ያለውን ጽጌረዳ በየቀኑ ፎቶ ላንሳው አለ። ደወሉ ሲደወል ቪዲዮው ገና ከሁለት ደቂቃ በላይ ይቀረው ነበር። ሐሙስ እንጨርሰዋለን ብላ ላፕቶፑን ዘጋችው።